የናሙና ልኬትንና የኮምባይንድ ዴስክ ጨረታ ውጤትን በመቃወም የቀረበ ቅሬታ

ለወረዳው ገንዘብ ጽ/ቤት
ግዥና ንብረት አስተዳደር ቡድን
ደቡብ ወሎ

ጉዳዩ፦ ናሙናችን በካሊፐር (ጥቃቅን ውፍረትን ለይቶ በሚያነብ መለኪያ) ሳይለካ ከውድድር ውጭ መደረጋችንን ይመለከታል

የ320 ኮምባይንድ ዴስክ፣ ማለትም መቀመጫና መጻፊያው ተያይዞ የሚሠራ የተማሪ ዴስክ፣ ግዥ ጨረታውን ያወጣችሁትም የመራችሁትም እናንተው ስለሆናችሁ ከማስታወቂያው ጀምሮ መተረክ አያስፈልግም። በቀጥታ ወደ ናሙናው እንገባለን።

ፖስታ በተከፈተ ዕለት የኮሚቴው ሰብሳቢ ስድስታችንም ተጫራቾች ባለንበት፣ «ናሙና በዓይን አይዳኝም። ባለሙያ መጥቶ፣ እናንተም ቆማችሁ እያያችሁ በካሊፐር ይለካል። ቀኑን ደውለን እናሳውቃችኋለን» ብለው ነበር። የደወለልን የለም። የደረሰን «የናሙናው የቱቦላሬ ውፍረት ከተጠየቀው በታች ሆኖ ስለተገኘ» የምትል አንዲት መስመር የያዘ ደብዳቤ ነው። ቱቦላሬው፣ ማለትም ዴስኩ የሚሠራበት ባለ አራት ጎን የብረት ቱቦ፣ ስንት ሆኖ እንደተገኘ፣ ማን እንደለካው፣ በምን እንደተለካ አንድም ቃል የለበትም።

ይህንኑ ለመጠየቅ መጥተን በመስኮት የተነጋገርነውን እንዳለ እናስቀምጠዋለን፤ ምክንያቱም የዚህ ደብዳቤ መነሻ እሱ ነው። «ስንት ሆኖ አገኛችሁት?» አልን። «አንድ ነጥብ ምናምን» ተባልን። «በምን ለካችሁት?» ስንል ባለሙያው ከመሳቢያ ባለ 5 ሜትር ጥቅል ሜትር አውጥተው አሳዩን። የሜትር ትንሿ መስመር 1 ሚሊ ሜትር ናት። ስፔሲፊኬሽኑ የጠየቀው ጎኑ 30 በ30፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ነው፤ ስስ ተብሎ የሚጣለው ደግሞ 1.2 ነው። በመካከላቸው ያለችውን 0.3 ሚሊ ሜትር በሜትር ለይቶ ያነበበ ሰው ካለ ቀርቦ ያስረዳን። «ካሊፐሩስ?» ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ፦ «ከቴክኒክና ሙያ እናስመጣለን ብለን ነበር፣ አልተመቸንም። ደግሞስ መሸነፍ የማትችሉ ከሆነ ምን አስጫረታችሁ?» የሚል ነበር። መስኮቱም ተዘጋ። ወሎ ውስጥ የማያውቁትን መንገደኛ እንኳ «ግቡ» ይሉታል እንጂ እንዲህ አይሸኙትም። ይሁን፣ እሱን ለእናንተው ትተነዋል፤ ልኬቱን ግን አንተውም።

ቱቦላሬ እንዴት እንደሚለካ ለኮሚቴው እንዲጠቅም እንጻፈው። የዴስኩ እግር ጫፍ ላይ ያለው ፕላስቲክ ይነቀላል። በተከፈተው አፍ ዙሪያ ያለው ቀለምና ብረቱ ሲቆረጥ የቀረው ስለት በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፤ ይህ ካልተደረገ ካሊፐሩ ቀለሙንና ስለቱን ደርቦ ያነባል። ከዚያ በአራቱም ጎን ተለክቶ ይመዘገባል። የብየዳው መስመር ያለበት ጎን ወፍሮ ስለሚገኝ ለብቻው ይያዛል። ለአንድ ናሙና አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ካሊፐር ጠፋ ቢባል እንኳ ሚዛን አለ። የ1.5ቱ ባለ 6 ሜትር ቤርጋ (አንድ ሙሉ የቱቦላሬ ዘንግ) 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የ1.2ቱ 6.5 ኪሎ ገደማ። አንድ ዴስክ ሁለት ቤርጋ ያህል ስለሚወስድ ልዩነቱ 3 ኪሎ ነው፤ የእህል ሚዛን እንኳ ያወጣዋል። በ320 ዴስክ 960 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 10 ኩንታል የሚጠጋ ብረት ነው። ገበያ ላይ 1.5 ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 1.5 አለመሆኑን የብረት ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ ካሊፐር ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

የ0.3 ሚሊ ሜትር ጉዳይ ተራ ጭቅጭቅ የሚመስለው ካለ ዴስኩ የሚሰበርበትን ቦታ ይመልከት። ሦስት ልጆች ባንድ መቀመጫ ሆነው ወደ ኋላ ሲደገፉ ኃይሉ በሙሉ የሚያርፈው መቀመጫው ከኋላው እግር ጋር በተበየደበት ላይ ነው። ብረቱ ስስ ከሆነ በያጁ ትንሽ ሲቆይበት ይበሳል፤ እንዳይበሳ ብሎ ቶሎ ካለፈው ደግሞ ብየዳው ላይ ላዩን ይቀራል። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) እና ቀለም ከተቀባ በኋላ ሁለቱም አይታዩም። የሚታየው መቀመጫው ሲላቀቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዴስካቸው ለተዘረፈና ለተሰባበረ የወሎ ትምህርት ቤቶች ይህ መድረስ የለበትም።

ከተነሳን አይቀር ሌላውንም እንጨምር። ሰነዱ ዋጋ ቫትን ጨምሮ እንዲሞላ ያዛል። እኛ ቫትን ጨምሮ 7,475 ብር ሞላን። አሸናፊ የተባለው ድርጅት 6,900 ብር «ከቫት በፊት» ብሎ መሙላቱ በመክፈቻው ዕለት ጮክ ተብሎ ተነቧል። በሰሌዳ በተለጠፈው ውጤት ግን ሁለቱ ዋጋዎች ባንድ ዓምድ ተደርድረው እነሱ ርካሽ፣ እኛ ውድ ሆነን ተገኝተናል። 15 በመቶው ሲጨመር የእነሱ 7,935 ብር ነው፤ በዴስክ 460፣ በጠቅላላው 147,200 ብር ከእኛ ይበልጣል። ስለዚህ በጥራት ባይሆን በዋጋ ተሸንፋችኋል የሚለው መልስ አያስኬድም። 

«ጽ/ቤቱ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ተራ ቁጥርም ደጋግማችሁ ጠቅሳችሁልናል። የመሰረዝ መብት ይሰጣችኋል፤ ሳይለኩ የመጣል መብት አይሰጥም።

ስለዚህ የሁለቱም ድርጅቶች ናሙና ተጫራቾች ባሉበት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ባለሙያ በካሊፐር ተለክቶ ውጤቱ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ፣ የዋጋ ንጽጽሩ ቫትን ጨምሮ እንደገና እንዲሠራ፣ የግምገማው ቃለ ጉባኤ ኮፒም እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ቅሬታችን በማስታወቂያው በተቀመጡት 5 የሥራ ቀናት ውስጥ ስለቀረበ እስኪወሰን ድረስ ውል አይፈረምም። ተፈርሟል የምትሉ ከሆነ ደግሞ የተፈረመበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቁን፤ ለጨረታ ማስከበሪያ ያስያዝነውን የ40,000 ብር ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) በዚያው ቀን መልሱልን። ውሉ አልተፈረመም እያሉ ቅሬታ አለማየት፣ ተፈርሟል እያሉ ሲፒኦ መያዝ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ አይሆንም።

እስከ ዓርብ 11፡30 በማኅተም የተደገፈ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰን ጉዳዩን ለዞኑ እናቀርባለን፤ እዚያም ካልተፈታ ወደ ክልል እንሄዳለን። የቃል መልስ፣ በተለይም የመስኮት መልስ፣ አንቀበልም። እስከዚያው ሁለቱም ናሙናዎች ማኅተም ተደርጎባቸው ባሉበት ይቆዩ፤ ተለክተው እስኪያበቁ ለማንም አይመለሱ።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ግልባጭ፦
ለዞኑ ገንዘብ መምሪያ
ለወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት
ለወረዳው ፀረ ሙስና ጽ/ቤት