በመለያው ላይ የተጻፈው ባክቴሪያ በሕይወት መኖሩን ማን ይመርምር?

ለመኖ ተጨማሪዎች ምዝገባና ቁጥጥር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ለዓሣ መኖ ስለሚሸጠው ፕሮባዮቲክ (ዓሣውን እንዲጠቅም መኖው ላይ የሚጨመር፣ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት) በጽሑፍ ላቀረብነው አቤቱታ ከክፍልዎ ያገኘነው መልስ «ምርቱ ተመዝግቧል፣ ሰነዱም የተሟላ ነው» የሚል ብቻ ነው። እኛ ስለ ሰነዱ አልጠየቅንም። የጠየቅነው ዱቄቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አርቢው እጅ ሲደርስ በሕይወት አለ ወይ ብለን ነው። ደጋግመን ጽፈን መልስ ስላጣን አሁን በአደባባይ እንጠይቅዎታለን።

ሱቆቹ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። በፋብሪካ የታሸገው 25 ኪሎ ከረጢት ይከፈትና በግማሽ በግማሽ ኪሎ ተመዝኖ በፌስታል ይቋጠራል። የባክቴሪያው ዝርያ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ «ከ25 ዲግሪ በታች በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የሚለው ማሳሰቢያ፣ ሁሉም ከባዶው ከረጢት ጋር ይጣላል። ፌስታሉ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ በሚግል መደርደሪያ ላይ ይከርማል። ባክቴሪያው ላክቶባሲለስ የሚባለው ከሆነ እንዲህ ያለውን ሙቀት አይችልም። ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለው ስፖር (ክፉ ጊዜን ተኝቶ የሚያልፍበት ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርፅ) ስለሚሠራ ሙቀቱን ይቋቋማል፤ እርጥበት ከገባበት ግን ስፖሩ ያለጊዜው ነቅቶ ሊሞት ይችላል። ገዢው የትኛውን እንደገዛ እንኳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አርቢው በበኩሉ ምን እንደሚጠበቅበት ያስቡ። 500 ቆሮሶ አለው፤ እያንዳንዱ 100 ግራም ይመዝናል። በቀን የክብደታቸውን 3 በመቶ ቢያበላ 1.5 ኪሎ መኖ ነው። በአንድ ግራም መኖ 10 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ እንዲደርስ፣ መለያው በግራም 10 ቢሊዮን የሚል ከሆነ 1.5 ግራም ዱቄት ይበቃዋል። ይህ በሻይ ማንኪያ የሚገመት አይደለም፣ ሚዛን ይፈልጋል። ክሎሪን ባክቴሪያውን ስለሚገድል የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ክሎሪን በሌለው ውሃ በጥብጦ የመኖው እንክብል ላይ ይረጫል። ኩሬው ውስጥ ታጥቦ እንዳይቀር ለአንድ ኪሎ መኖ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይለብጠዋል፣ ጥላ ላይ ያጠፈጥፈዋል፣ በዕለቱም ያበላል። ይህን ሁሉ አሟልቶ፣ ፌስታሉ ውስጥ በሕይወት የቀረው ከመቶ አንዱ ከሆነ ዓሣው የሚያገኘው በግራም መኖ 100 ሺህ ብቻ ነው።

ከዚያ ዓሣው አያድግም። ባለሙያ ይመጣና «የአያያዝ ጉድለት ነው» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ገንዘቡን ያወጣው አርቢው፣ ጥፋተኛ የሚባለውም አርቢው! ተስፋ ሲቆርጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቶ መኖው ላይ ይጨምራል፤ እሱም ከዱቄቱ የተረፈች ባክቴሪያ ካለች እንዳትራባ ያግዳታል፣ መድኃኒት የለመደ ተሕዋስም ኩሬው ውስጥ ያፈራል። ይህን እያዩ ዝም ማለት በደል ነው።

ፕሮባዮቲክ ሁሉን ይፈውሳል አላልንም። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቆሮሶ መብላቱን ይቀንሳል፤ ኦክስጅን ያነሰውን ኩሬም ምንም ዓይነት ዱቄት አያድነውም። ዱቄቱ ካልተመረመረ ግን ችግሩ የውሃው ይሁን የዱቄቱ ማን ይለየዋል?

ምርመራው ከአቅም በላይ አይደለም። 1 ግራም ናሙና ከተሕዋስያን በጸዳ 9 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ይበጠበጣል፣ በየደረጃው አሥር እጥፍ እየቀጠነ የባክቴሪያ ምግብ ባለው የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ይዘራል። ባሲለስ ከሆነ በ37 ዲግሪ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ፣ ከ30 እስከ 300 የባክቴሪያ ክምችት የበቀለበት ሳህን ይቆጠራል። ስፖሩን ለብቻው ለማወቅ ናሙናውን ከመዝራት በፊት በ80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ማሞቅ ይበቃል። ደህና የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ሁሉ የሚሠራው ሥራ ነው።

ስለዚህ ናሙና አገር ሲገባም ከሱቅ መደርደሪያም ይወሰድ። መለያው በምርት ቀን የነበረውን ሳይሆን እስከ ማብቂያው ቀን የሚቆየውን ሕያው ቁጥር ይናገር። በፌስታል መቸርቸርም ይከልከል። እስካሁን አንድም የቆጠራ ውጤት ካላችሁ ይውጣ፤ ከሌላችሁም እንደሌላችሁ በጽሑፍ ያሳውቁን።

የዓሣ አርቢዎችና የመኖ ባለሙያዎች