ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 22፦ የሥነ ፈለክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ ክበባችን ሥራ ሲጀምር ቴሌስኮፕ አልነበረንም። ዛሬም የለንም። የነበረን ደብተር፣ እርሳስና ዓይናችን ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ልጆቹን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ዛሬ ጨረቃ ስንት ሰዓት ላይ ትወጣለች?» ዝም አሉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ሲመሽ ነዋ ቲቸር!» አለች። ሁሉም ተስማሙ። የዓመቱ ሥራችን ከዚህች መልስ ተነሣ።

ዝናቡ እስኪያበቃ ጠበቅን። ጥቅምት ብርዱ ቢከፋም ሰማዩ ይጠራል። አዲሷ ጨረቃ፣ ማለትም ከፀሐይ ጋር ሆና የማትታይበት ቀን፣ የዋለችው ጥቅምት 22 ነው፤ ቀጣይዋ ደግሞ ኅዳር 22። እያንዳንዱ ልጅ ሠንጠረዥ አሰመረ፦ ቀን፣ የወጣችበት ሰዓት፣ የጠለቀችበት ሰዓት፣ መልኳ። መልኳ በትንሽ ክብ ውስጥ በእርሳስ ይሳላል። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፤ ያላዩትን አለመጻፍ። ደመና ከጋረዳት «ደመና»፣ እንቅልፍ ከጣለን «ተኛሁ» ብለን እንጽፋለን።

የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች የመራን አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ነው። ረመዳን ሲቃረብ ከአባቱ ጋር ጨረቃ መፈለግ ለምዷል። ፀሐይ እንደገባች፣ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማሱ ብዙም ሳትርቅ፣ ቶሎ በሉ አለን። ጥቅምት 24 ማታ አገኘናት። ቀንዶቿ ወደ ላይ ናቸው፤ ትንሽ ዘንበል ያለች ታንኳ ትመስላለች። በማግስቱ ቬነስ ከአጠገቧ ደምቃ ታየች።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ያቺ «ሲመሽ ነዋ» ያለችው ልጅ እየሮጠች መጣች። «ቲቸር፣ በጠራራ ፀሐይ ወጥታለች!» ወጥተን አየን። ግማሽ ልትሞላ ጥቂት የቀራት ጨረቃ በሰማያዊው ሰማይ ላይ ነጭ ሆና ተቀምጣለች። እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ዓመት ከሰዓት በኋላ ኳስ ስንጫወት ከላያችን ነበረች! ያን ቀን የልጅቷ ሠንጠረዥ ላይ ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች። አዲስ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች። እየሞላች ያለችው ግማሽ ጨረቃ ቀን 6 ሰዓት ገደማ ትወጣለች። ሙሉዋ ማታ 12 ሰዓት፣ እየጎደለች ያለችው ግማሽ ደግሞ ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ። ልጆቹ ይህን አንዴ ሲይዙት የጨረቃዋን መልክ አይተው ሰዓት መገመት ጀመሩ።

ኅዳር 7 ማታ አንድ ነገር ገጠመን። ሁለት ልጆች 12፡33 ላይ ወጣች ብለው ጻፉ። የእነሱው ሰፈር ሌሎች ልጆች ግን 12፡55 ገደማ ነው የሚሉት። ሁለቱን ብቻቸውን ጠርቼ ጠየቅኋቸው። ከስልክ ነው የገለበጡት። የስልኩ ሰዓት አድማሱን ሜዳ አድርጎ የተሰላ ነው፤ ሰፈራቸው ግን በስተ ምሥራቅ ኮረብታ አለው። አልተቆጣኋቸውም። ኮረብታውን እንዲለኩ ላክኋቸው። ክንድን ዘርግቶ የጨበጡት እጅ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። ኮረብታው የጭብጡን ግማሽ አከለ፤ 5 ዲግሪ። ጨረቃ አንድ ዲግሪ ለመውጣት 4 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። 20 ደቂቃ! ልዩነቱ ይኸው ነበር። ልጆቹ የስልኩን ቁጥር ሰርዘው «አላየሁም» ብለው ጻፉ። ከክበቡ ሥራ ሁሉ እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይህ ስርዝ ነው።

ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ዘግይታ ትወጣለች። ምድር አንድ ዙር እስክትዞር ጨረቃም 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች፤ ምድር እሷን ለመድረስ ትንሽ መጨመር አለባት። የእኛ ቁጥር ግን 50 አልሆነም። ሙሉ በነበረችበት ሰሞን መዘግየቷ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከኅዳር 15 በኋላ ወደ 45 ደቂቃ ወረደ። ልጆቹ ተሳስተናል ብለው ሊያስተካክሉት ፈለጉ። አትንኩት አልኳቸው። ኅዳር 5 ጨረቃ ለምድር በጣም ቀርባ ነበር፤ 360 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። ስትቀርብ ትፈጥናለች። ኅዳር 17 ደግሞ ወደ 405 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ ቀስ አለች። ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ኅዳር 13 ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ልንሰቅል ስንሰለፍ፣ ከግማሽ ትንሽ የምትበልጥ ጨረቃ በስተ ምዕራብ ነበረች። አንዱ ልጅ ለመክሰስ የያዘውን ብርቱካን ተቀበልኩትና ከጨረቃዋ ጎን ወደ ሰማይ አነሣሁት። ፀሐይ ከጀርባችን ናት። ብርቱካኑ የበራው ልክ ጨረቃዋ በበራችበት በኩልና በዚያው መጠን ነበር። ብዙ ልጆች ጨረቃን የሚያጎድላት የምድር ጥላ ይመስላቸው ነበር። ያን ጠዋት ጥላ የሚባል ነገር እንደሌለ በዓይናቸው አዩ።

የሌሊቱ መዝገብ ሳስቷል፤ «ተኛሁ» በዝቷል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የወጣችውን በየትኛው ቀን እንጻፋት የሚለውም አከራክሮናል። «ለኅዳር 15 አጥቢያ» እያልን በመጻፍ ተስማማን።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሠንጠረዦቹን በአንድ ትልቅ ወረቀት አዋህደን ከላቦራቶሪው በር አጠገብ ሰቀልን። በስሌት ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ 29 ቀን ከ17 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። አማካዩ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። ዲያቆን የሆነ አንድ አባላችን ወረቀቱን አይቶ፣ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ የጨረቃ ወር አንዴ 29 አንዴ 30 ተብሎ እንደሚቆጠር አስረዳን። በዚሁ ስሌት ለየዓመቱ የሚወጡትን ሁለት ቁጥሮች፣ የ2017ን አበቅቴ 1፣ መጥቅዑን 29 ብሎ ሰሌዳው ላይ አወጣልን። ሁለቱ ተደምረው 30 ናቸው።

አንድ ሥራ ይቀረናል። ጳጉሜን 2፣ እሑድ ማታ፣ ሙሉዋ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። ያን ቀን ግን በእርግጥ የምድር ጥላ ነው። 1፡27 ላይ ጥላው ጠርዟን መንካት ይጀምራል፤ ከ2፡30 እስከ 3፡52 ገደማ ሙሉ በሙሉ ጥላው ውስጥ ትሆናለች፣ ትቀላለችም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ክረምቱም ገና አይለቅም። ደብተራችሁን ግን አትጣሉ። በየሰፈራችሁ ወጥታችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ፤ ደመና ከሆነም «ደመና» በሉ።