ዛሩ ሲወድቅ ሌኒን ዙሪክ ነበር

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አውሮፓ ነገሥታት አወዳደቅ የወጣውን ሐተታ በጥሞና አንብቤአለሁ። ስለ ሩሲያ በተጻፈው ክፍል ግን ዛር ኒኮላስ ዳግማዊን ከዙፋን ያወረዱት በሌኒን የሚመሩት ቦልሼቪኮች እንደ ሆኑና ይህም በጥቅምት አብዮት እንደ ተፈጸመ ተገልጿል። ይህ ትክክል ስላልሆነ እርማት ይደረግበት ዘንድ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ስሕተቱ የጸሐፊው ብቻ አይደለም። በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት የተማርን ሰዎች ታሪኩን የያዝነው እንዲሁ ነው፤ እኔም የታሪክ መምህር ሳለሁ ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼን ያስገለበጥኩበት ጊዜ አለ። የሌኒን ሐውልት እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ቆሞ በነበረበት በአዲስ አበባ፣ ከጥቅምቱ በፊት የየካቲት አብዮት እንደ ነበረ ጠይቆ የሚረዳ ሰው ጥቂት ነበር።

ኒኮላስ ዙፋኑን የለቀቀው መጋቢት 6 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። የጥቅምቱ አብዮት የመጣው ስምንት ወር ገደማ ቆይቶ ሲሆን፣ የገለበጠውም ንጉሥ ሳይሆን ከዛሩ ውድቀት በኋላ የተቋቋመውን የከረንስኪን ጊዜያዊ መንግሥት ነው። ዛሩ ሲወድቅ ሌኒን ዙሪክ፣ ትሮትስኪ ኒው ዮርክ፣ ስታሊን ደግሞ ሳይቤሪያ በግዞት ላይ ነበሩ። እንዲያውም ሌኒን በዚያው ዓመት ጥር ወር ዙሪክ ውስጥ ለወጣቶች ባደረገው ንግግር፣ የእርሱ ትውልድ የአብዮቱን ወሳኝ ፍልሚያ ለማየት ላይታደል እንደሚችል ተናግሮ ነበር። የያኔዋ የሩሲያ መዲና ፔትሮግራድ የደረሰው ሚያዝያ 8 ቀን፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ የወራቱ ስም ከምዕራባውያን ይልቅ ለእኛ ይቀናል። ሩሲያ ያን ጊዜ ከምዕራቡ በ13 ቀን ወደ ኋላ በሚቀረው በዩልዮስ አቆጣጠር ትጠቀም ስለ ነበር፣ አመፁ የፈነዳበት ፌብሩዋሪ 23 በምዕራቡ ማርች 8 ሲሆን በእኛ የካቲት 29 ነው፤ የጥቅምቱም አብዮት በምዕራቡ ኖቬምበር ላይ ይዋል እንጂ በእኛ ጥቅምት 28 ነው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ ዘውድ የጫኑትም በዚያው የካቲት፣ በ4ኛው ቀን ነበር። እዚህ ዘውድ ከተጫነ ወር ሲያልፈው እዚያ ሌላ ዘውድ ወደቀ።

ታዲያ ዛሩን የጣለው ማን ነው? በቋንቋችን ለዳቦ ወረፋ መያዝም፣ አደባባይ ወጥቶ መጮኽም «ሰልፍ» ይባላል፤ የፔትሮግራድ ሴቶች ያደረጉትን ከዚህ ቃል የተሻለ የሚገልጸው አላገኘሁም። በጦርነቱ ምክንያት የባቡር መስመሩ ተጨናንቆ እህልና ማገዶ በበቂ አይደርስም፣ ዳቦ በራሽን ሊሆን ነው የሚል ወሬም ተናፍሷል፣ ሴቶቹም በዚያ ብርድ ከዳቦ ቤቶች ደጃፍ ለሰዓታት ይቆማሉ። በየካቲት 29፣ በሴቶች ቀን፣ የቪቦርግ ሰፈር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ። የአካባቢው የቦልሼቪክ አደራጆች በዚያ ቀን አድማ እንዳይመታ መክረው እንደ ነበር ልብ ይባልልኝ። ሴቶቹ ግን ምክሩን ወደ ጎን ትተው ወደ ጎረቤት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሄዱና፣ በመስኮቱ የበረዶ ድቡልቡል እየወረወሩ ወንዶቹን ጠርተው አስወጧቸው። በሦስተኛው ቀን ከተማዋ በሙሉ ሥራ አቆመች።

ዛሩ አመፁ ሊፈነዳ አንድ ቀን ሲቀረው ወደ ጦር ጠቅላይ ሰፈሩ ወደ ሞጊሌቭ ሄዶ ነበር። ከዚያ ሆኖ ለፔትሮግራድ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ካባሎቭ፣ ሁከቱ በነጋታው ጸጥ እንዲል በቴሌግራም አዘዘ። በማግስቱ እሑድ ወታደሮች በዝናመንስካያ አደባባይ ሕዝቡ ላይ ተኮሱ፤ በርካታ ሰው ሞተ። ከተኮሱት መካከል የቮሊንስኪ ሬጅመንት የማሠልጠኛ ክፍል ይገኝበታል። የሐተታው ጸሐፊ ሊያነሣው ይገባ የነበረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ይመስለኛል። እነዚያው ወታደሮች ሌሊቱን ሲመካከሩ አድረው፣ ሰኞ ጠዋት ኪርፒችኒኮቭ በሚባል የበታች ሹም መሪነት ዳግመኛ አንወጣም አሉ፤ አዛዣቸው ግቢውን አቋርጦ ሊሄድ ሲል በጥይት ተመታ፤ እነርሱም የጎረቤት ሬጅመንቶችን ለማስከተል መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ። ሲመሽ መዲናዪቱ ከመንግሥት እጅ ወጥታለች። በታውሪዳ ቤተ መንግሥት በአንድ ጣሪያ ሥር በአንድ ወገን የዱማው (የፓርላማው) ጊዜያዊ ኮሚቴ፣ በሌላው ወገን የሠራተኞችና የወታደሮች ሶቪየት (ምክር ቤት) ተቋቋሙ።

ጄኔራሎቹም ድርሻ አላቸው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። የዛሩ ባቡር ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ መንገድ ተዘግቶበት ፕስኮቭ ሲደርስ፣ የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል አሌክሴየቭ የየግንባሩን አዛዦች በቴሌግራም ጠይቆ የሁሉም መልስ ዙፋኑን ይልቀቅ የሚል ሆነ። ዛሩም በዚያው ዕለት በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በዙሪያው ያለው ሁሉ ክህደት፣ ፍርሃትና ማታለል እንደ ሆነ ጻፈ። ነገር ግን ጄኔራሎቹ እንዲህ ያሉት መዲናዪቱ ከእጅ ከወጣች ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው ነገሩን መፈንቅለ መንግሥት ከሚሉት ጋር የማልስማማው። ዙፋኑ ለወንድሙ ለሚካኤል ተላለፈ፤ እርሱም በማግስቱ የሕዝብ መሥራች ጉባኤ ካልሰጠኝ አልቀበልም አለ። ከ1613 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሮማኖቭ አገዛዝ በዚህ አበቃ። ቦልሼቪኮች በዚህ ታሪክ ላይ ያላቸው ጠባሳ ሌላ ነው፤ እርሱም ከሥልጣን የወረደውን ሰው ከነሚስቱና ከነልጆቹ በሐምሌ 1910 ዓ.ም. የካተሪንበርግ ላይ መግደላቸው ነው።

ስለዚህ እርማቱ በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ፣ ከሐተታው ጋር የታተመውም የሌኒን ፎቶግራፍ መግለጫው እንዲቃና በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ ከተገኘ ደግሞ ጋዜጣችሁ ለመጪው ማርች 8 በሚያዘጋጀው ገጽ ላይ ለቪቦርግ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች አንድ ዓምድ ቢሰጥልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር