ስላልተነካው ብራና

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ላይብረሪ ላይ ስለደረሰው የሳይበር ጥቃት ባለፈው እሑድ ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለተኛውን ያነበብኩት በመጀመሪያው ያጣሁትን ፍለጋ ነበር። ራይሲዳ የተባለው፣ መረጃ ዘርፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቡድን ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍቱን ማሽመድመዱ፣ የሰረቀውን መረጃ በ20 ቢትኮይን መነሻ ዋጋ ለጨረታ ማቅረቡ፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ሲያጣ 600 ጊጋባይት ያህል መበተኑ፣ ለእንግሊዝ ደራስያን በመጽሐፍ ውሰት የሚታሰበው ክፍያ ሳይቀር መዘግየቱ ተጽፏል። ያስቆጣኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ደግነቱ ጥንታውያን ብራናዎቹ አልተነኩም፤ ተመራማሪዎችም በንባብ አዳራሹ ሥራቸውን ቀጥለዋል።»

እርግጥ ነው፣ አልተነኩም። እኔም ነክቻቸው አላውቅም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ዐፄ ቴዎድሮስ ካሰባሰቧቸው መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት መጀመሪያ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ኋላም ይኸው ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ጽፈው አንድ ክብረ ነገሥት ቢያስመልሱም፣ ሌሎቹን እዚህ ያለን ሰዎች የምናያቸው በኮምፒውተር ስክሪን ብቻ ነው። ዘገባችሁ ስለ ብራናዎቹ ሲያወራ የማን ብራናዎች እንደሆኑ እንኳ አላነሣም።

ጥቃቱ በደረሰበት ሰሞን ለማስተርስ ጥናቴ የተአምረ ማርያምን ቅጂዎች ከቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ አነጻጽር ነበር። በአንዱ ቅጠል ሕዳግ ላይ በሌላ እጅ የተጻፈ የባለቤትነት ማስታወሻ አለ፤ የመጀመሪያው ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ሰፍሮበታል። ምስሉን አጉልቼ ከተፋቀው ስም ሁለት ፊደል ለየሁ፤ ሦስተኛው «ለ» ይሁን የመካከል እግሩ የጠፋ «ሰ» ሳላውቅ መብራት ሄደና ነገ እመለስበታለሁ ብዬ ተነሣሁ። በማግሥቱ ገጹ አልከፈት አለ። እንደ ልማዳችን ጥፋቱን በራሳችን ኔትወርክ ላይ ጥዬ ፓኬጅ ገዛሁ፤ በነጋታውም ሌላ ፓኬጅ ገዛሁ። ነገሩ የለንደን መሆኑን የነገረኝ ውጭ አገር ያለ ወዳጄ ነው፤ መስመራችን ለአንድ ጊዜ እንኳ ከደሙ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ወደ ንባብ አዳራሹ ብቅ ብሎ ሥራን መቀጠል እርግጥ ግሩም መፍትሔ ነው፤ ጋዜጣችሁ ቪዛውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን የሚችልልኝ ከሆነ ለመጪው ሰኞ ዝግጁ ነኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ከዘገባችሁ ይልቅ ግልጽ ነው። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት፣ ከውጭ ሆነው ለሚሠሩ አጋሮች በ2012 ዓ.ም. በተተከለ ሰርቨር በኩል ሳይሆን እንደማይቀር፣ በዚያ በር ላይም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዳልነበረ ያምናል። የዲጂታል ቅጂዎቹ መጠባበቂያ በእጁ እንደነበረ፣ ነገር ግን ሰርቨሮቹ በመውደማቸው መልሶ የሚጭንበት እንዳጣም ይናገራል። እንግዲህ ብራናውም አልተነካም፣ ፋይሉም አልጠፋም፤ አንባቢው ግን ለወራት ደጅ ቆሟል። የመረጃ ደኅንነት ባለሙያዎች ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ምስጢሩ ተጠብቋል ወይ፣ ይዘቱ ሳይዛባ ቆይቷል ወይ፣ በተፈለገ ጊዜ ይገኛል ወይ? ዘጋቢያችሁ ሦስተኛውን ጥያቄ ዘለለው፤ እኛንም አብሮ ዘለለን።

ጥናቴን ከመቅረት ያዳነው፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎጉን ያዘጋጁለትና ሚኒሶታ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ስብስብ ነው። አገር ውስጥም ሞክሬ ነበር። ከገዳማት በዲጂታል የተነሡ ብራናዎች ቅጂ ተቀምጦበታል ወደተባለ፣ ስሙን ወደማልጠራው መሥሪያ ቤት ሄጄ ስጠይቅ፣ ሃርድ ዲስኩ ካዝና ውስጥ እንዳለ፣ ቁልፉን የሚያውቁት ሰውዬ ግን ጡረታ እንደወጡ ተነገረኝ። ራይሲዳስ ቢያንስ ዋጋውን ይናገራል፤ እዚህ የምከፍለው ቤዛ ስንት እንደሆነ የሚነግረኝ እንኳ አላገኘሁም። ዘጋቢያችሁ ቀጣዩን ዘገባ ከዚህ ካዝና ቢጀምር አድራሻውን በግል እሰጠዋለሁ።

እስከዚያው እርማት የምታወጡ ከሆነ ብዙ አልጠይቅም። «ተመራማሪዎች» ከሚለው ቃል በፊት «ለንደን ያሉ» የሚል ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊሎሎጂ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ