ልጆቻችን የቀስት አደን ሲጠይቁን ወላጆች አብረን እንማር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም ሆነ በሰርግ ቤት ከሚያገኙኝ ወላጆች አንዳንዶቹ ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሡልኛል፤ ልጄ አጋዘን በቀስት ማደን እፈልጋለሁ ይላል፣ ምን ላድርግ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኬንታኪ የተጀመረው የትምህርት ቤት የቀስት ሥልጠና ዛሬ በብዙ ክፍለ ግዛቶች የሚሰጥ ስለሆነ፣ ዒላማ መምታት የለመደ ታዳጊ ቀጥሎ ጫካውን ቢመኝ አያስደንቅም። ጥያቄው የሚቀርብለት ወላጅ ግን አደንን የሚያውቀው ከአያቶቹ ፉከራ ነው፤ ካልሆነም በጠመንጃ ነው። ስለዚህ ወይ በደፈናው ይከለክላል፣ ወይ ደግሞ አደን የሚወድ ጎረቤት ፈልጎ ልጁን አደራ ብሎ ይሸኛል። ሁለቱንም አልደግፍም። ወላጁ ራሱ ከልጁ እኩል ጀማሪ ሆኖ ከመጀመሪያው ትምህርት አንሥቶ አብሮ ቢማር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የአደን ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የአዳኞች ትምህርት መከታተሉን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ከጁላይ 1 ቀን 1977 በፊት ፈቃድ የነበረው ሰው ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው፤ ይህ የሚመለከተው ሰው በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። እንደኔ አስተያየት ትምህርቱን በአካል ተገኝቶ መከታተል ይመረጣል፤ አስተማሪው ፊት ለፊት ስላለ ያልገባውን መጠየቅ ይቻላል። ልጆቻችን በሐኪም ቤትና በየመሥሪያ ቤቱ ሲያስተረጉሙልን ኖረዋል። በዚህ ጉዳይ ግን ወላጁ ሕጉን በልጁ አንደበት ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ጫካ ውስጥ ‘ተው’ የሚልበት ሥልጣን አይኖረውም።

ብዙ ሰው ከመነሻው የሚሳሳተው በቀስቱ ምርጫ ነው። ቀስት እንደ ጫማ ልክ አለው። ሁለት እጅን ዘርግቶ ከአንዱ የመሐል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለውን ርዝመት በኢንች መለካትና ለ2.5 ማካፈል የመሳቢያውን ርዝመት፣ ማለትም ገመዱ ወደ ኋላ የሚሳብበትን ርቀት፣ በግምት ይሰጣል፤ ትክክለኛውን ልክ ግን የቀስት ሱቅ ባለሙያ ይወስናል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ልጅ አነጣጣሪ ዓይኑ ግራው ሊሆን ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት ይህንንም ማጣራት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ኃይሉ ነው። በሜሪላንድ አጋዘን የሚታደንበት ቀስት ቢያንስ 30 ፓውንድ የመሳቢያ ኃይል፣ ማለትም ገመዱን ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት፣ ሊኖረው ይገባል፤ አባቶች ግን ‘ልጄ ጎበዝ ነው’ እያሉ 60 ፓውንድ ይገዛሉ። ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስቱን ወደ ሰማይ ሳያነሣ፣ ቀጥ አድርጎ በዝግታ መሳብ ካቃተው ቀስቱ ከብዶታል ማለት ነው። መዘውር ያለው ኮምፓውንድ ቀስት ተስቦ ከተጠናቀቀ በኋላ ክብደቱ በጣም ስለሚቀንስ ለጀማሪ ይመቻል፤ ለምሳሌ 80 በመቶ የሚያቀል 40 ፓውንድ ቀስት ተስቦ ሲያዝ በእጅ ላይ የሚቀረው 8 ፓውንድ ያህል ነው። ኃይሉና ርዝመቱ የሚስተካከል ዓይነት ከተገዛ ልጁ ባደገ ቁጥር አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ያገለገለ ቀስትም ባለሙያ እስከመረመረው ድረስ ምንም ነውር የለበትም። ፍላጻ ሳይኖርበት ተስቦ የተለቀቀ ቀስት ግን ክንፎቹ (ሲሳብ የሚታጠፉት ሁለቱ ጎኖቹ) ሊሰበሩና ሰው ሊያቆስሉ ይችላሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ‘እስቲ ልሞክረው’ ማለት የሚወዱ ዘመዶቻችንን በዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ይገባል።

ጥይት በድንጋጤና በኃይል ሲጥል፣ ፍላጻ ግን የሚገድለው በስለቱ ደም ሥርንና ሁለቱን ሳንባዎች ቆርጦ በማድማት ነው። ስለዚህ ጀማሪ አጋዘኑ ጎኑን ሙሉ በሙሉ ሰጥቶ ሲቆም፣ ወይም ፊቱን ከአዳኙ በትንሹ አዙሮ ሲቆም ካልሆነ በስተቀር መልቀቅ የለበትም። ርቀቱም ከ20 ያርድ፣ ማለትም ከ18 ሜትር ገደማ፣ ባያልፍ ጥሩ ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ሲጓዝ ከታዳጊ ቀስት የሚወጣ ፍላጻ ግን የዚህን ሩብ እንኳ ስለማይደርስ፣ የገመዱን ድምፅ የሰማ ንቁ አጋዘን ፍላጻው ከመድረሱ በፊት ጎንበስ ይላል፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር በደንብ የተነጣጠረው ፍላጻ ያልታሰበ ቦታ ያርፋል። ልጁ ለአደን በሚለብሰው ልብስ፣ ከከፍታ ላይ ሆኖና ለአደን በተዘጋጀው ስለታም ጫፍ እየተለማመደ፣ ከዚህ ርቀት ፍላጻዎቹን ያለማቋረጥ በትንሽ ሰሃን ስፋት ውስጥ ማሳረፍ ሲችል ያን ጊዜ ዝግጁ ነው። በዚያ ዓመት ካልቻለ ወቅቱን ቁጭ ብሎ ሲመለከት ያሳልፈው። በአገራችን ገዳይ ይዘፈንለት፣ ይፎከርለት ነበርና ይህ ለአንዳንድ አባቶች እንደ ሽንፈት ይመስላቸዋል። እኔ ግን ልጁ ቀስቱን ስቦ ሳይለቅ ሲመልሰው ‘አበጀህ’ የሚለው አባት ከጎኑ ቢኖር እመርጣለሁ።

ከተለቀቀ በኋላም ሩጫ የለም። ሳንባውን የተመታ እንኳ ቢሆን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ፍላጻው ላይ አረንጓዴና መጥፎ ሽታ ያለው ነገር ከታየ ሆዱ ተመቷልና ብዙ ሰዓታት መታገሥ የግድ ነው፤ ታዳጊን በዚህ ሰዓት ማስቀመጥ የሚችለው ወላጅ ብቻ ነው። ብዙ የቀስት አዳኞች የሚጎዱት ዛፍ ላይ ከሚታሰረው መቀመጫ ሲወድቁ ስለሆነ፣ እግር ከመሬት ከተነሣበት እስኪመለስ ድረስ የደኅንነት ቀበቶ ታጥቆ ከዛፉ ጋር መታሰር ያስፈልጋል። መዥገርም ቀላል አይደለም፤ በዚህ አካባቢ የላይም በሽታን ያስተላልፋል፣ ማታ ሰውነትን መፈተሽ ልማድ ይሁን።

ስጋውን በተመለከተ የእኛ ሰው የሚያነሣው የተለየ ጉዳይ አለ። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ በመሆኑ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት እንስሳት መካከል ነው። በአደን የወደቀው እንስሳ ስለሚባረክበት ሁኔታ ግን የነፍስ አባትን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ቢስሚላህ የሚባልበትን ጊዜና የአደን ሥርዓቱን ከሊቃውንቶቻቸው እንዲጠይቁ እመክራለሁ። የሜሪላንድ የቀስት ወቅት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ገደማ ተከፍቶ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ሲዘልቅ፣ ጾመ ነቢያት ኖቬምበር 24 ገደማ ይገባል። አጋዘኖች ለርቢ በብዛት የሚንቀሳቀሱበት የኖቬምበር አጋማሽ ከጾሙ ቀድሞ ስለሚውል ለጀማሪ ቤተሰብ ከሴፕቴምበር ሙቀት ይልቅ እርሱ ይመቻል፤ በሙቀት ስጋ በፍጥነት ስለሚበላሽ የውስጥ ዕቃውን ወዲያው ማውጣትና ማቀዝቀዝ ግድ ይላል። ከጾሙ በኋላ ለገና የሚሆነው ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። ለቤት ከሚበቃው የተረፈውን ደግሞ በዚሁ በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ለተመሠረተውና አጋዘን ለተራቡ ወገኖች ለሚያደርሰው የገበሬዎችና አዳኞች በጎ አድራጎት ማኅበር መስጠት ይቻላል። የተገደለው አጋዘን በ24 ሰዓት ውስጥ ለክፍለ ግዛቱ መመዝገብ እንዳለበት፣ አጋዘኖችን የሚያከሳው ሥር የሰደደ በሽታ በሚገኝባቸው የሜሪላንድ አካባቢዎች ደግሞ ስጋውን ከመብላት በፊት ማስመርመር እንደሚሻል መዘንጋት የለበትም።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የአደን ሕጎቹ፣ የትምህርቱ ቦታዎችና የወቅቶቹ ቀናት በየዓመቱ የሚወጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ያነበዋል፣ ኃላፊነቱን የሚሸከመው ወላጅ ግን አያነበውም። የየክፍለ ግዛቱን መመሪያ ዋና ዋና ነጥቦች በአማርኛ አጠናቅራችሁ፣ ቢቻል በሰኔ ወር፣ ብታወጡልን ብዙ ቤተሰብ ይጠቀማል። በነሐሴ ከወጣ ይዘገያል፤ ጀማሪ ሰው ትምህርቱን ጨርሶ፣ ቀስቱን አስለክቶና ክንዱን አለማምዶ ለመድረስ ክረምቱ በሙሉ ያስፈልገዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ