ጉዳዩ፦ ሬዲዮዋ እየዘፈነ ሞተሯ ስለማይነሳው መኪናዬ

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መኪናዬ ከአዘዞ ተጎትታ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ያለው ታሪክ በመዝገባችሁ ስለሰፈረ እሱን በመድገም ጊዜዎን አላባክንም። የእኔ ጊዜ ሲባክን ግን ማንም ቅር ያለው አልመሰለኝም። የምጽፍልዎ ስላለፈው ሐሙስ ነው።

የጥገና ኃላፊያችሁ ረቡዕ ማታ ራሱ ደወለልኝ። «ነገ 9 ሰዓት ላይ ሞተሯ ተነስቶ ይጠብቅዎታል፤ አርብ ማለዳ እናትዎን ለማምጣት ደባርቅ መውጣት ይችላሉ» አለኝ። ሳልጠይቀው የሰጠኝ ቃል ነው። እኔም አምኜ ለእናቴ ደወልኩ።

በሰዓቱ ደረስኩ። መኪናዬ ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማለች፤ የሾፌሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሬዲዮዋ ይዘፍናል፤ የጥበቃ ሠራተኛው ስልክ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ተሰክቶ ቻርጅ ይደረጋል። እሱን አልወቅሰውም፣ ክፍት በር ያገኘ ሰው ነው። ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ቦግ አለ፤ ከሞተሩ በኩል አንዲት «ጠቅ» ተሰማች፤ ከዚያ ወዲያ ጸጥ። ደግሜ አዞርኩ፤ ያው ጠቅ።

ኃላፊው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና፣ «እትዬ፣ መኪናዎ እኮ ኃይል አላት። መብራቷ ይበራል፣ ጡሩምባዋ ይጮኻል። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ።

«እንድትሄድ» አልኩት።

«ለመሄድማ ባጃጅ ሞልቷል» ብሎ ልጆቹን አሳቀብኝ።

አክብሮቴን ሳላጓድል ልናገር፦ ኃይል እንዳላትማ ከመጀመሪያው የነገርኳችሁ እኔ ነኝ! እናንተ ግን «ባትሪው ሞቷል» ብላችሁ አዲስ ሸጣችሁልኝ። በጡረታ ላይ ያሉ የጭነት መኪና ሾፌር ጎረቤቴ ቴስተር ሳይነኩ ነው የነገሩኝ፦ «ልጄ፣ የፊት መብራቱን አብርተሽ ቁልፉን አዙሪ። ከደበዘዘ ባትሪው ወይም የባትሪው ማሰሪያ ነው፤ ሳይደበዝዝ ጠቅ ብቻ ካለ ሞተሪኖውን፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን፣ ይዩልሽ።» መብራቴ ንቅንቅ አላለም። አሮጌው ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት፣ ማለትም ሙሉ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ደክሞ ወደ 9 ቮልት ይወርድ እንደሆነ ያየ ግን የለም፤ ስጠይቅ ቴስተሩን ባለሙያው ይዞት ወጥቷል ተባልኩ። ወፍራሙ ሽቦ ለሞተሪኖው ኃይል ያደርስ እንደሆነ፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው ሽቦ ዝጎ እንደሆነ፣ የሞተሪኖው ካርቦን አልቆ እንደሆነ ማን ፈተሸ? ማርሹን ኤን ላይ፣ ማለትም ነጻ አድርጎ የሞከረው እንኳ የመኪናዋ ባለቤት ናት።

በዚህ ፈንታ የነዳጅ ፓምፕ ይቀየር ተባለ። የነዳጅ ችግር ቢሆን ኖሮ ሞተሩ እየዞረ አልነሳም ይል ነበር፤ ጭራሽ ላልዞረ ሞተር ፓምፕ ምን ይፈይዳል? ሌላው ልጅ ደግሞ «ገፍተን እናስነሳት» አለ። አውቶማቲክ መኪና!

ካነሳሁት አይቀር፣ ክሪኬ ከኋላ ሳጥኑ ጠፍቷል። ወንበሬ ላይ የግራሶ እጅ ታትሟል። የባትሪው ሒሳብ የተሰጠኝ በካርቶን ቁራጭ ላይ ነው፤ ያንን ደረሰኝ ብዬ ለማን ላሳይ?

ስለዚህ ሞተሪኖው ወርዶ፣ እኔ ባለሁበት እንዲፈተሽልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። የማያስፈልገኝ ባትሪ ዋጋ ይመለስልኝ፤ አሮጌው ባትሪዬም ከገባበት ይውጣ። የመጎተቻውንም ሒሳብ እናንተ ቻሉት፣ ምክንያቱም ወደ ሌላ ጋራዥ ማስጎተቴ አይቀርም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ስለሆነም ኃላፊው ልጆቹ በሳቁበት ግቢ፣ ልጆቹ ባሉበት ይቅርታ ይጠይቀኝ። በስልክ አልቀበልም፤ የስልክ ቃሉን አይቼዋለሁ።

እናቴ ከደባርቅ የመጣችው በሚኒባስ፣ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ ነው።

እስከ መጪው ሰኞ 6 ሰዓት በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለከተማው ንግድ መምሪያ