የተፈጥሮ ክበብ ዘንድሮ፦ ባሌ ደርሰን መጣን

የክበብ ዘገባ ሲባል «ችግኝ ተከልን፣ ግቢ አጸዳን» ነው። እኛም ተክለናል፣ አጽድተናልም። እሱን እዚህ ላይ ልተወውና ስለ ባሌ ላውራ።

በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ኮስተር ተከራይተን፣ በአሰላና በዶዶላ አድርገን ዲንሾ ገባን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ነው። በእኔ እምነት መኪና ይዞ ካምፕ የሚወጣ ሰው ማገዶ ለመልቀም ሰበብ የለውም። በእግሩ የሚሄድ ሸክም ይከብደዋል፤ እኛ ግን ሲሊንደሩንም ምድጃውንም ውሃውንም ጭነን ስለሄድን ማገዶ አልለቀምንም። እዚያ ላይ የሚነደው አስታ የሚባለው ዛፍ ነው፤ በዚያ ብርድ ደግሞ ቶሎ አያድግም። ለአንድ ድስት ሽሮ ብሎ ዛፍ መጨረስ ምን ይባላል?

ቆሻሻችንንም በማዳበሪያ አድርገን ይዘን ተመለስን፣ የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር። «ይበሰብሳል እኮ ቲቸር» ያሉኝ ነበሩ። በደጋ ብርድ ቶሎ አይበሰብስም፤ ፍርፋሪ ደግሞ ውሻ ይጠራል። የውሻ ነገር እዚያ ቀልድ አይደለም፣ ቀይ ቀበሮን በጅምላ የሚፈጀው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩም ያለው ባሌ ነው።

ከዚያ ሳነቴ ወደሚባለው አምባ ሜዳ ወጣን፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጆሮ ይቆርጣል። የጎባ–ደሎ መና መንገድ ሜዳውን ሰንጥቆ ያልፋል። ሾፌራችን ከመንገድ ወጥቶ ወደ አንዲት ቀበሮ ጠጋ ሊል ሲል ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ በእጁ አስቆመው። ለምን እንደሆነ የገባን ሞተር ጠፍቶ ሁሉም ዝም ሲል ነው። ከጎማው አጠገብ አፈሩ ተነቃነቀ፣ ጥርሰ ቢጫ ፍልፈል ብቅ ብሎ ሣር ነጨና ጥልቅ አለ። ይህ ትልቁ ፍልፈል ከባሌ ሌላ የትም የለም፣ የቀበሮዋም ዋና ምግብ እሱ ነው። እሷ ጆሮዋን ቀስራ ትጠብቃለች፣ እኛ በጎማ ጉድጓዱን ልንደረምስባት ነበር ማለት ነው።

ለከርሞ አዋሽን አስበናል፤ የጅቡቲው መንገድ ፓርኩን አቋርጦ ስለሚያልፍ ለኮስተር ይመቻል። የዚያኛው ጣጣ ዝንጀሮ ነው፣ ምግብ መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። የፈለገ በመስከረም ስሙን ይስጠኝ። ሳህንና ማንኪያ ከየቤቱ፣ ውሃ በጀሪካን፤ ሃይላንድ አይገባም።